የግራው

አሞራ ገደል ላይ፣ ከሐይቁ ጥግ ዳር፣
ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ዓሣ ስበልት ነበር።
በሁለት ጣት መዝዤ የቆሮሶ ሆድ ዕቃ፣
ዞር ሳልል ስወረውር፣ አባ ኮዳ ነቃ፤
መላጣውን አንገት ወደ ፊት አስግጎ፣
ዋጠው ሳያላምጥ፣ ድንጋዩን ጠርጎ።
ከሥጋ የወጣ መመለሻ የለው፤
እስከዚያ የማውቀው ሕግ ይኸው ብቻ ነው።

ሌዳሞ፣ ታላቄ፣
የአባታችንን ጀልባ ሸጦት ሳላውቀው፣
«ሴት መረብ አትጥል፣ ድርሻሽ ምን ሊሆን ነው?»
ብሎኝ ከተለየ ሰባት ክረምት አልፏል፤
መንገድ ላይ ሲያየኝ ባጃጅ ውስጥ ይገባል።

አንድ ሰኞ ጧት ግን ሚስቱ መጥታ ቆመች፣
ዓሣ እንደሚገዛ ሰው ክምሩን እያየች።
«ሁለቱም ቆመዋል» አለችኝ በዝግታ።
ስለ ጀልባ መሰለኝ፤
ሁለት ጀልባ ላፍታ
በዓይኔ ታየኝ፣ ከደለል ላይ ቆሞ።
ኩላሊቱን ኖሯል፣ የእሷ ሰው፣ የሌዳሞ።

ሄድሁና አየሁት፤
በሳምንት ሦስት ቀን ከማሽን ጋር ታስሮ፣
ደሙ እንደ ጨርቅ ታጥቦ፣ በቱቦ ተመልሶ ዞሮ።
ያ ሐይቅ ያሳደገው፣ ዋና የለመድሁበት፣
ጀርባውን እንደ ታንኳ ይዤ የዋኘሁበት፣
ውኃ በቆርኪ ሰፍሮ ከንፈሩን ሲነካበት።
እኔም ደህና ነህ አላልሁ፤ እሱም ተቀመጪ አላለኝም።
በመስኮቱ፣ ያን ሁሉ ውኃ ይዞ፣
ሐይቁ ተኝቷል።

ደሜ ከደሙ ገጠመ።
ሦስት ሰዎች ከወረቀት ኋላ ሆነው ጠየቁኝ፦
«ያስገደደሽ አለ?»
«የለም።»
«ገንዘብ ሰጥቶሻል?»
ሳቅ አመለጠኝ፤
እንኳን ሊጨምርልኝ፣ የጀልባዬን ግማሽ መች ከፈለኝ!
አንዷ፣ መነጽሯን አውልቃ፣
«ትወጂዋለሽ ወይ?» አለች፣ ብዕሯን ሰቅላ ጠብቃ።

እናቴ ማታ ማታ፣ መብራት ሲጠፋ ቀበሌው፣
«ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያመላለሰውን፣
አንተ ታውቃለህ» ትል ነበር፣ ለላይኛው።
«ልቤን አላውቅም» አልኋት፣ «ገና አልታረቀ፤
ኩላሊቴ ግን፣ እንጃ፣ ከእሱ በፊት አወቀ።»
ምን ብላ እንደጻፈች አላየሁም።

ዋዜማው ማታ ሐኪሙ ጎኔ ላይ ቀስት ሥሎ፣
«የግራው ነው» አለኝ፣ «ሥሩ ረዘም ያለው» ብሎ።
ቢላ የማውቅ ሴት ነኝ፤
ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ያልጠየቅሁት ነገር
ያን ሌሊት መጣብኝ፦ ዓሣው ምን ይል ነበር?

እልልታ ቀሰቀሰኝ፣ ከመጋረጃው ማዶ፤
ሰው ተወለደ አልሁ።
«ሸና!» ትላለች ሚስቱ፣ ጉልበቷ መሬት ወርዶ፣
«ሌዳሞ ሸና!»
የአርባ ስድስት ዓመት አባወራ ሽንቱ እልል ተባለለት፤
ከሥጋ የወጣ፣ ወፍ ያልበላው ነገር፣ ያን ቀን አየሁት።

አሁን ባልዲ አላነሳም፣ ጎረምሳ ያነሳልኛል።
ዝናብ ሊመጣ ሲል ጎኔ ቀድሞ ይነግረኛል።
ትናንት ከቀትር በኋላ ሌዳሞ መጣ፤
ከጀሪካኔ ቀዳ፣ አንድ ጣሳ ሙሉ ጠጣ፤
ጉሮሮው ሲወጣ ሲወርድ፣ ቆጠርሁ፣
አሥራ አንድ ጉንጭ።
አመሰግናለሁ አላለም። ስለ ጀልባው አላነሳም።
ሁለት ቆሮሶ መርጦ፣ ስንጥባቸውን ገልጦ አይቶ፣
«ስንት?» አለኝ። ነገርሁት።
«ቀንሺ እንጂ፣ እህቴ።»
ሰባት ዓመት ያልጠራኝን።
«አልቀንስም» አልሁት። «ባለ ጀልባ ሰው ነህ።»
ስፌቱን በመዳፉ ይዞ ሳቀ፤
የኔን ስፌት ሳቁ ሳበው።
ከዚያ ድፍን ብር አውጥቶ፣
ዓሣውን በፌስታል ይዞ፣
መልሱን እጄ ላይ ትቶ
ሄደ።